ወናፍ፣ መድፍ፣ ብስክሌት

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ አለፉ። ከደብረ ታቦር ስድስት ወር ገደማ በሰው ጉልበት እየተጎተተ የመጣው ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፋቸውም አምባው ላይ ቀረ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 24 ቀን፣ በፓሪስ ሴን ክሉ መናፈሻ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣ የብስክሌት ውድድር ተካሄደ። በዚያ ዘመን በፓሪስ ቬሎሲፔድ የሚባለውን ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ በስፋት ይሠራ የነበረው ፒዬር ሚሾ ነው። ሚሾ ሙያው ቀጥቃጭነት ሲሆን ለሠረገላ የሚሆን ብረት እየሠራ ይሸጥ ነበር።

እነዚህን ሁለት ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጤ ያለ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ በእኛም በአውሮፓውያኑም ዘንድ ብረት የሚገራው በእሳት፣ በመዶሻና በሞረድ ነበር። ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን፣ ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት ደረስጌ ማርያም ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቋቋሙትን የመድፍ ማምረቻ ስናነሣ ሁልጊዜ የምንጠራው እነ ቫልድማየርን፣ እነ ዛልሙለርንና እነ ሞሪትዝ ሃልን ነው። ይጠሩ፣ ደግሞም ይገባቸዋል። ነገር ግን ከአውሮፓውያኑ ጎን የሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለ እጆችም ነበሩ፤ የእነሱን ስም ግን አንጠራም።

የብረት ሙያ በወገራ፣ በዳባትና በሰሜን ከጋፋት እጅግ የቀደመ ነው። ባለሙያዎቹም በአብዛኛው ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ወገራ ላይ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተደረገ። ርስት የሌለው ሰው ከእጁ ሥራ በቀር ምን ይቀረዋል? ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ምሳሩና ጦሩ የተሠራው መሬቱን በተነጠቀ ሰው እጅ ነው። በጎንደር ዘመን ደግሞ ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ነገሥታቱን አገልግለዋል።

የጠይቡ መሥሪያ ቦታ ያው የቤቱ ጓሮ ነው። ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ፣ ነፋሱን ወደ ከሰሉ የሚያደርስ የሸክላ አፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሌላ የለም። ልጅ ወናፉን ተራ በተራ እየከፈተ ይጫናል፤ አባት ዓይኑን ከብረቱ አያነሣም። ሙቀት መለኪያ ስለሌለ የሚነበበው ቀለሙ ነው። ብረቱ ጠቁሮ ቀይ ሲሆን ገና ነው፤ ወደ ብርቱካንማ ሲዞር ይመታል፤ ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል። ወደዚህ የቀለም ንባብ በኋላ እመለሳለሁ።

አገሬው ማረሻውን ከጠይቡ ተቀብሎ እያረሰ ጠይቡን ግን ቡዳ አለው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ፈራው፣ ማዕዱንም ከለከለው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ጓሮ ድረስ ግን አልገባም። ከዚያ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በኋላም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። የብዙ መቶ ዓመታት እውቀትም አብሯቸው ሄደ። ለእነሱ ሲመኙት የኖሩት ጉዞ ነው፤ ለወገራና ለሰሜን ግን ጉድለቱ ዛሬም አለ።

የሚሾ ሙያ ወራሾች ግን በሙያው ከበሩ። ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 ኮቨንትሪ ውስጥ ሮቨር የተባለውን፣ ጎማዎቹ እኩል ለመሆን የተቃረቡትንና የኋላው በሰንሰለት የሚዞረውን ብስክሌት አወጣ። በ1897 በርሚንግሃም ውስጥ አልፍሬድ ሬይኖልድስና ባልደረባው ጫፍና ጫፉ ወፍራም፣ መሀሉ ስስ የሆነ የብረት ቱቦ በስማቸው አስመዘገቡ። ቱቦው ጫና የሚበዛበት መጋጠሚያው ላይ ስለሆነ ውፍረቱን እዚያ ትቶ ከመሀሉ መቀነስ ክብደት ያድናል። በ1935 የወጣው ሬይኖልድስ 531 እና ጣልያናዊው አንጄሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ በ1919 የመሠረተው ኮሎምቡስ ለብዙ አሥርት ዓመታት የታላላቅ ጋላቢዎች ብስክሌት አካል ሆነዋል። ፍሬሙን የሚገጥሙት አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ያላቸው ትንንሽ ሱቆች ነበሩ። ዛሬም በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ለአንድ ሰው ቁመትና እግር ልክ ለክተው በቤታቸው ጋራዥ ፍሬም የሚሠሩ አሉ፤ ደንበኛቸውም ወረፋ ይጠብቃል።

ሥራው ይህን ይመስላል። የፍሬሙ ስምንት ቱቦዎች በሰውየው ልክ ይቆረጣሉ፤ አንዱ በሌላው ጎን በትክክል እንዲቀመጥ አፋቸው በሞረድ ይጎደጎዳል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከተገኘ እንደገና ይሞረዳል። ከዚያ ቦራክስ ተቀብቶ በጋዝ እሳት ይሞቃል። 900 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ብረቱ ብርቱካንማ ሲሆን ማለት ነው፣ የናሱ ዘንግ ሲነካው ውሃ ሆኖ በሁለቱ ብረቶች መሀል ባለው ስስ ክፍተት ራሱ ሰርጎ ይገባል። ብረቱ አይቀልጥም፤ የሚቀልጠው ናሱ ብቻ ነው። እሳቱ ከበዛ ቱቦው ይጎዳል፤ ካነሰ ናሱ ላይ ላዩን ተንከባሎ ይቀራል። ሠሪው የሚያነበው ምንድን ነው? ያንኑ የዳባት ጠይብ ሲያነበው የኖረውን ቀለም ነው።

ብስክሌት ወደዚህ አካባቢ የመጣው ከመንገዱ ጋር ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ከአስመራ ወደ ጎንደር ሲያልፉ ሊማሊሞን ጠርበው መንገድ አወጡ፤ አስመራም የብስክሌት ከተማ ሆነች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከአትሌቶቹ ጋር ብስክሌት ጋላቢዎችም ነበሯት። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ2016 የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ የተቀመጠበት ብስክሌት ሜሪዳ ከታይዋን ነው። ጋላቢ እያወጣን ኖረናል፤ ብስክሌቱን ግን ሁልጊዜ ከሌላ አገር እንጠብቃለን።

ደባርቅ ከተማ ውስጥ ብየዳ ቤት ሞልቷል። ወጣቶቹ ቱቦላሬና ላሜራ ቆርጠው በርና መስኮት ይሠራሉ፤ የተሰበረ ብስክሌት ሲመጣላቸውም ይበይዳሉ። ችሎታ አላቸው፤ ሞርሳና ሞረድም አላቸው። ስሱን ቱቦ የሚያበላሸው የኤሌክትሪክ ብየዳው ነው፤ ለበር ቱቦላሬ የሚስማማው ኃይል ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ግድግዳ ወዲያው ይበሳዋል። የብስክሌት ፍሬም ለመሥራት የሚያስፈልጋቸው የጋዝ እሳት፣ የናስ ዘንግና ዝርግ ጠረጴዛ ነው። የቀረው ቱቦው ነው፤ ስምንቱ ተደምረው ከ2 ኪሎ ብዙ ስለማይበልጡ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይገባሉ። ፋብሪካ እስኪቆም እንጠብቅ የሚሉትን አልቀበልም። ሚሾም የተነሣው ከቀጥቃጭነት ነው።

ለዚህ አገር ምን ዓይነት ፍሬም ይስማማል? ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወደ ድብ ባሕር፣ ከዚያም ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ በጠመዝማዛ ይጥላል። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ከተለመደው ትንሽ ወደ ፊት ይዘንበል፣ የኋላውም ርዝመት ይጨመርለት፤ በቁልቁለት መሪው አይንቀጠቀጥም። ወፍራም ጎማ የሚያስገባ ክፍተትና ጭነት የሚታሰርበት ጆሮ ይኑረው። ከካርቦን ይልቅ ብረት የምመርጠውም ለዚሁ ነው፤ ዛሪማ ላይ ቢሰነጠቅ ጋዝና ናስ ያለው ሰው ያስተካክለዋል፣ ጋላቢውም በማግሥቱ ዳገቱን ይጀምራል።