ሲሪንቃ ስንት ፊደል ናት?

ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቡና ቤት ተሰባስበን የእንግሊዝኛ ቃል እየፈለግን ነበር። ሕጉ ቀላል ነው፦ አንዳችን የፊደሉን ብዛትና በውስጡ መኖር ያለባቸውን ሁለት ፊደላት ይናገራል፤ ሌሎቻችን ቃሉን እናመጣለን። ያላመጣ ማኪያቶ ይከፍላል። “አምስት ፊደል፤ ‘ኤ’ እና ‘አር’ ያለበት” ሲባል የሲሪንቃው ወዳጃችን ሳያመነታ “መርሳ!” አለ። ኤም፣ ኢ፣ አር፣ ኤስ፣ ኤ… ቆጠርነው፤ ልክ አምስት። “የቦታ ስም አይፈቀድም!” አልነው። “ሀብሩ!” አለ። እሱም አምስት፣ እሱም የቦታ ስም። አስከፈልነው።

ሒሳቡን እየከፈለ ግን አንድ ጥያቄ ጣለብን፦ “ለመሆኑ ሲሪንቃ ስንት ፊደል ናት?”

ለማያውቃት፣ ሲሪንቃ ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በእኛ ፊደል አራት ናት። በእንግሊዝኛው ሰባት። ጥያቄው ቀልድ መሰለን፤ ስንቆፍረው ግን ታሪክ ሆነ።

ከጨዋታው እንጀምር። ዛሬ ጋዜጣ ላይ የምናየው ቃላትን የማገናኘት ጨዋታ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 ኒውዮርክ ወርልድ በተባለ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያዘጋጀው አርተር ዊን የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ አልፍሬድ በትስ የተባለ ሥራ ያጣ አርክቴክት ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። ከዚያ ቆጠራ ስክራብል ተወለደ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ‘ኢ’ 12 ጠጠር ተሰጠው፤ ዋጋው ግን 1 ነጥብ ብቻ። ‘ኬ’ አንድ ጠጠርና 5 ነጥብ፣ ‘ኪው’ አንድ ጠጠርና 10 ነጥብ ደረሳቸው። እንግዲህ የሲሪንቃ ‘ቃ’ በ‘ኬ’ ስትጻፍ አምስት፣ በ‘ኪው’ ስትጻፍ አሥር ታወጣለች ማለት ነው! ተጫዋቹ የሚይዘው ሰባት ጠጠር ስለሆነ ሲሪንቃ እጅ ሙሉ ትሆን ነበር። ምን ያደርጋል፣ እዚያም የቦታ ስም አይፈቀድም።

ይሄ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ግን ልኩ የተሰጠ ቃል ፍለጋ ለወሎ እንግዳ ነበር? ከሲሪንቃ ወደ ምዕራብ፣ እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ዋድላ አለች። ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ ቤት ናት። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሲሆን ሁለት ቤት፣ መወድስ ሲሆን ስምንት ቤት ይሠራል። የግዕዙ ቃል የዜማውን ልክ መሙላት አለበት፤ ቤት መምታት አለበት፤ ከሰሙ ሥር ወርቅ መያዝ አለበት። መዝገበ ቃላት የለ፣ ስልክ የለ፤ ተማሪው ጫካ ገብቶ በቃሉ ይፈልጋል። የዚህ ሥራ ስሙ ምን መሰላችሁ? ቅኔ ቆጠራ! እኛ አምስት ፊደል አጥተን ማኪያቶ ስንከፍል፣ ያ የቆሎ ተማሪ ማታ የቆጠረውን ጠዋት የኔታ ፊት ይነግር ነበር።

ሌላም አለ። ሀብሩ የድሮው የጁ ምድር ናት፤ ዳናን የመሰሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ያሉበት አገር። በወሎ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ሼኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት የአማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ አጀሚ ይባላል። በዐረብኛው አጫጭር አናባቢዎች እንደ ፊደል አይቆጠሩም። ለ‘ቀ’ ግን ራሱን የቻለ ‘ቃፍ’ የሚባል ፊደል አለው። እንግሊዝኛው የሚያስጨንቀንን ድምፅ የወሎ ሼኾች ሳይቸገሩ ይጽፉት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ እኛ ለምን ተቸገርን? አንዱ ምክንያት ኪሳችን ውስጥ ነው። በላቲን ፊደል አንድ የሞባይል መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲሆን ቦታው ወደ 70 ይወርዳል። የግዕዝ ፊደል የኮምፒውተሩን ዓለም አቀፍ መዝገብ፣ ዩኒኮድን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ስልክ አያነበውም ነበር። ስለዚህ አማርኛችንን በላቲን መጻፍ ለመድን፤ ‘ቀ’ን አንዱ በ‘ኬ’፣ ሌላው በ‘ኪው’።

ወዳጃችን በዚህ ሳቢያ ማኪያቶ ብቻ አይደለም የከፈለው። የልደት ወረቀቱ ላይ ሲሪንቃ በ‘ኪው’ ተጽፋለች። የትምህርት ማስረጃው ላይ በ‘ኬ’። አንድ መሥሪያ ቤት “የትውልድ ቦታህ የትኛው ነው?” ብሎ መለሰው። “አንድ ነው” ቢል ማን ይስማው? በማሽላ ምርምር ጽሑፎች የተለመደችው ደግሞ ባለ‘ኬ’ዋ ናት፤ የግብርና ምርምር ማዕከሏ የሚጻፈው እንደዚያ ነውና። በ‘ኪው’ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጋት የአገሯን ማሽላ ላያገኝ ይችላል።

በእንግሊዝኛ መጫወታችን ጥፋት የለውም። የስክራብል የቃላት መዝገብ እኮ ከእኛም ወስዷል፦ ጤፍ አለች፣ ብር አለች፣ ንጉሥ አለ። “ብሮች” የሚለው ቃላችን ራሱ ከነ‘ኦች’ው ስምንት ፊደል ሆኖ ገብቷል፤ በእኛ ሦስት ነው! የገረመን ሌላ ነው። ቆጠራን የሙያ ስም ያደረገ አገር ልጆች ሆነን፣ ስማችንን ሌላው በሚቆጥርበት ልክ ስናስቆጥር አንድ ወጥ አጻጻፍ እንኳ መስማማት አቃተን።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሕጉን ቀይረናል፦ በአማርኛ፣ ሦስት ፊደል፣ ‘ቃ’ ያለበት። ጨረቃንና ጠበቃን ወስደናል። ሲሪንቃ አራት ስለሆነች አትገባም፤ የቦታ ስም ግን ተፈቅዷል። እናንተስ?