የማይነበብ ጽሑፍ፤ የመላእክት ፊደልና የሰንበቴው ክታብ

ምዕራባውያን ስለ መላእክት ፊደል የጻፉትን ባነበብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ በተማሪነት ዘመኔ ሰንበቴ ላይ የፈታሁት የአክስቴ ክታብ ነው። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ኦሮሞውን፣ አርጎባውን፣ አፋሩንና አማራውን የሚያገናኝ እንደ መሆኑ፣ በየሰው አንገት የሚታየው በቆዳ የተሰፋ ክታብም ከሁለት ወገን ነበር። በአንዱ ውስጥ የቁርኣን አንቀጽ በዐረብኛ፣ በሌላው ጸሎት በግእዝ ተጽፏል፤ ከውጭ ለሚያይ ግን ልዩነት የለውም። አክስቴ የኋለኛውን ታጠልቅ ነበር።

ግእዝ ተምሬያለሁና አነብበዋለሁ ብዬ ስፌቱን ተረተርሁት። ብራናው ሲዘረጋ ከአክስቴ ቁመት በስንዝር በለጠ። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚሠራ በመሆኑ የቀድሞዋ ባለቤት ረጅም ሴት ነበረች ማለት ነው። በእርግጥም በቀይ ቀለም የተጻፈው የአክስቴ የክርስትና ስም ያረፈው ሌላ ስም በተፋቀበት ቦታ ላይ ነበር። ጸሎቱ ከመርበብተ ሰሎሞን የተወሰደ፣ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የያዘበት ክፍል ስለሆነ ብዙ አላስቸገረኝም። ከሥዕሉ ጎን ግን ጫፋቸው በትንንሽ ክብ የሚያልቅ ምልክቶች ተደርድረዋል። ከሳባና ከግሪክ ፊደላት ጋር ሳስተያያቸው ሰነበትሁ፤ አንድም ቃል አልወጣኝም። አንድ ደብተራ ዘንድ ብወስደው «ልጄ፣ ይህ ላንተ አልተጻፈም፤ የሚያየው ሌላ ነው» አሉኝ።

የኮርኔሊዩስ አግሪፓን መጽሐፍ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1533 ተሟልቶ በታተመው በዚህ ሥራ «ሰማያዊ ጽሕፈት» የተባለውን ሠንጠረዥ ስመለከት ክቦቹ እነዚያው ናቸው! በግብፅ በተገኙት የግሪክኛ የአስማት ፓፒረሶች፣ እንዲሁም በዕብራይስጥና በዐረብኛ የአስማት መጻሕፍት ይኸው ባለ ክብ ጫፍ ምልክት ስለሚገኝ፣ ወደ አውሮፓም ወደ እኛም የደረሰው ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ ይመስለኛል። ልዩነቱ በአያያዙ ላይ ነው። አግሪፓ ምልክቶቹን ከ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ጋር አንድ በአንድ አዛመዳቸው፤ በመሆኑም የሚነበቡ ሆኑ። እንግሊዛዊው ጆን ዲ ደግሞ ከዚያ አለፈ። ረዳቱ ኤድዋርድ ኬሊ በመስተዋት ድንጋይ ውስጥ መላእክትን አያለሁ እያለ የነገረውን እየመዘገበ በ1583 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባለ 21 ፊደል ገበታ አገኘ። ይህንኑ የኋላ ሰዎች «የሄኖክ ቋንቋ» አሉት።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ዲ ጠፍቷል ተብሎ የሚታመነውን የሄኖክን ዕውቀት ሲሻ፣ መጽሐፈ ሄኖክ በእኛ አገር በግእዝ ይገለበጥ ነበር። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ያደረሰው በ1773፣ ሪቻርድ ሎረንስ በእንግሊዝኛ ያሳተመው በ1821 ነው። መጽሐፉ ስለ ጽሕፈት የሚለው ደግሞ ዲን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በአውሮፓውያኑ አከፋፈል በምዕራፍ 69፣ ሰውን በቀለምና በወረቀት መጻፍ ያስተማረው ከወደቁት መላእክት አንዱ እንደ ሆነ፣ ብዙዎችም በዚህ እንደ ሳቱ ይናገራል። መጽሐፈ ኩፋሌ በአንጻሩ ጽሕፈትን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የተማረው ሄኖክ መሆኑን በምስጋና ያነሣል።

እኔ ራሴ እነዚህን ምልክቶች ለተማሪዎቼ «ምስጢራዊ ፊደል» እያልሁ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ስሕተት ነበር። ቁልፍ ፍለጋው ሳላውቀው የአግሪፓን መንገድ መከተል ነው። ዣክ መርሲየ እንደሚያስረዳው፣ ጋኔኑ የክታቡን ሥዕል በሕመምተኛው ዐይን በኩል አይቶ ይሸሻል፤ ምልክቱ ለመታየት እንጂ ድምፅ ለመሆን አልተሠራም። የደብተራው መልስ ንቀት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ትክክለኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ኖሯል።

ክታቡን በመጣበት ስፌት መልሼ ሰፋሁት። አክስቴ ግን ክሩን አይታ «አነበብኸው?» አለችኝ። ጸሎቱን ብቻ አልኋት። ከዚያ ወዲህ አንገቷ ላይ አላየሁትም፤ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር።