በፈቃዱ የሚያዝ ፈረስ

መስክ የተለቀቀ ፈረስ ለመያዝ የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ገብሱን በእፍኙ ዘርግቶ፣ ልጓሙን ከጀርባው ደብቆ፣ እያቆላመጠ ይጠጋል፤ ፈረሱም አንድ ክንድ ሲቀረው ዘወር ብሎ ይፈረጥጣል። ታዲያ ሞኙ ማነው?

በዚህ ነገር ከ2300 ዓመታት በፊት አስቦ የጻፈበት ሰው አለ፤ የአቴናው ዜኖፎን። ሰውየው የወንበር ጸሐፊ አልነበረም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ከፋርሱ ልዑል ከቂሮስ ጋር ከዘመቱት ግሪኮች መካከል ነበረ፤ አዛዦቹ ሲገደሉም ጦሩን መርተው ካወጡት አንዱ ነው። ኋላ ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው አጭር መጽሐፍ፣ ውርንጭላው ለፈረስ ገሪ ከመሰጠቱ በፊት ሰው ወዳድ መሆን አለበት ይላል። እንዴት? ረሃቡ፣ ጥሙና የዝንቡ ንክሻ ብቻውን ሳለ እንዲያገኙት፣ መብሉ፣ መጠጡና እፎይታው ግን ከሰው እጅ እንዲመጡለት ሎሌው ያመቻች። ራሱ ሊደርስበት የማይችለውን የገላውን ክፍል ይዳብስለት። ያን ጊዜ ፈረሱ ሰውን ይናፍቃል እንጂ አይሸሽም። በቁጣ ወደ ፈረስ መቅረብንም አጥብቆ ይከለክላል። በግድ የተሠራ ነገር ማስተዋል እንደሌለው፣ ተገርፎ የሚጨፍርም ሰው እንደማያምርበት፣ ከእሱ በፊት ስለ ፈረስ የጻፈውን ሲሞንን ጠቅሶ ያስረዳል።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ ደስ አለን። አለንጋ ከማንሣት የቱን ያህል ይሻላል! ቆየት ብለን ግን አንድ ነገር ጎረበጠን፤ ረሃቡንስ ያዘጋጀው ማነው? ፈረሱ በፈቃዱ መጣ እንበል፤ ብቻውን ያስራበው ግን ያው የሚያበላው እጅ ነው።

ነገሩ በፈረስ ቢያበቃ ኖሮ ዝም ባልን። ይኸው ዜኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ፣ ኢስኮማኮስ የተባለው ባለርስት እንስሳ የሚገራበት ዘዴ ባሪያን ለማስታዘዝም እንደሚበጅ፣ ሆዱን እንደ ምኞቱ ቢሞሉለት እሺ እንደሚል ሲናገር እናገኘዋለን። በዚያን ዘመን አቴና ደግሞ የፈረስ ሎሌው ራሱ ብዙውን ጊዜ ባሪያ ነበር። ባንድ ጋጣ የሚገሩት ሁለት ነበሩ ማለት ነው፤ ያውም አንደኛው ሌላውን እየገራ። ዜኖፎን ፈረሱ ምን እንደሚወድ ጠይቋል፤ ሎሌውን ግን በስሙ እንኳ አልጠራውም።

በእኛም አገር ጌታ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ እያልን ለፈተና አጥንተናል። ሣር አጭዶ፣ ገብስ አቅርቦ፣ በማለዳ ጤዛ መስክ ወርዶ አባ ታጠቅን በጋማው ይዞ የሚመጣው ሎሌስ ማን ይባል ነበር? ባነበብናቸው መጻሕፍት ፈልገን አጣነው።