የጎማ ንፋስ ታሪክ፦ ከሰርኪስ ባቡር እስከ ሾላ ገበያ

ከአዲስ አበባ በምሥራቅ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ቆላውን ወርዶ ወደ አፋር የሚያቀና መኪና ሾላ ገበያንና መገናኛን ተጠግቶ በላምበረትና በኮተቤ በኩል ያልፋል። ሾላ እህልና ቅቤ፣ ሽንኩርትና ልብስ የሚሸመትበት ገበያ ነው፤ ለሩቅ መንገደኛ ደግሞ ስንቁን የሚያሟላበት የከተማ ደጅ ነው። በዚህ መስመር ያለ ጎሚስታ ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ «ስንት ልሙላው?» ሲል አብዛኛው ሹፌር የለመደውን ቁጥር ነግሮ መንገዱን ይቀጥላል። ጥያቄው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አስፋልት፣ አሸዋ፣ የመረሬ ጭቃ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሁሉም የየራሳቸውን መልስ ይፈልጋሉ። መልሱን ለማግኘት ዓለምም አገራችንም ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። ያንን ድካም ስንቃኝ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ምቹ ባልሆነ መንገድ መኪናን የሚያሻግረው በመጀመሪያ የሹፌሩና የጎሚስታው እውቀት ነው፤ ውድ ቸርኬ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከብረት ወደ ንፋስ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ የመንገድ ማሽን አስመጣ። ሕዝቡ «ሰርኪስ ባቡር» አለው። ማሽኑ በራሱ ጉልበት ብቻ ሊደርስ ስላልቻለ በረሃውንና ዳገቱን ያለፈው በብዙ ሰውና በሬ ጉልበት እየተጎተተ ነው። ችግሩ ከክብደቱ ጋር የብረት እግሩም ነበር። ብረት አይተጣጠፍም፤ ሸክሙን ሁሉ በጠባብ ቦታ ላይ ያሳርፋል፤ ለስላሳ መሬት ሲያገኝ ይሰምጣል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው በአውሮፓ ቀድሞ ተፀንሶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 በንፋስ የተሞላ ጎማ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ገበያ ግን አላገኘም። ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ሐሳቡን እንደገና አስነሣው። እ.ኤ.አ. በ1895 የሚሽለን ወንድማማቾች ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ በሚመለስ ውድድር ላይ ባለ ንፋስ ጎማ መኪና አሰለፉ። ጎማው በየመንገዱ ቢፈነዳባቸውም መኪና በንፋስ ላይ ሊሄድ እንደሚችል አስመሰከሩ።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃና ተራራ አቋርጦ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ አደረሰ። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም ሌላ መኪና ይዞ ተከተለ። ዐፄ ምኒልክ የቤንትሌይን መኪና በደስታ ተቀብለው ተሳፈሩባት። በዚያ ዘመን ከባሕር ጠረፍ እስከ ዋና ከተማው ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ አልነበረም። በኢትዮጵያ የመኪና ታሪክ የጀመረው ከመንገድ ውጭ በመንዳት ነው ማለት ይቻላል።

ንፋስ ሲቀነስ ምን ይሆናል?

ታሪኩን ለመከተል የጉዳዩን ሥርዓት ማወቅ ይበጃል። 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በአራት ጎማ ሲቆም እያንዳንዱ ጎማ 750 ኪሎ ይሸከማል። ንፋሱ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ከሆነ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ በግርድፉ ሲሰላ 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ንፋሱን በግማሽ ብንቀንሰው ያ ቦታ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ጎማው ይበልጡን ወደ ርዝመቱ ይተኛል። ግመል በሰፊ እግሯ አሸዋውን ረግጣ ሳትሰምጥ እንደምታልፍ ሁሉ መኪናውም በላዩ ይንሳፈፋል። በድንጋይ ላይ ደግሞ የለሰለሰ ጎማ የድንጋዩን ቅርፅ ይዞ ይጨብጣል፤ የተወጠረው ግን ይነጥራል፣ ይቆረጣል።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አይገኝም። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉም ሙቀት ይፈጥራል። በዚያ ሁኔታ አስፋልት ላይ በፍጥነት የነዳ ሰው ጎማውን ያቃጥለዋል ወይም ያፈነዳዋል። ሁለተኛው አደጋ በጎማውና በቸርኬው መጋጠሚያ ላይ ነው። ካላማዳሪያ የሌለውን ጎማ ጠርዙን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ የሚይዘው የውስጡ ንፋስ ስለሆነ፣ ንፋሱ በጣም ሲያንስና መሪ በኃይል ሲዞር ጠርዙ ከቸርኬው ይወጣል፤ ጎማውም በአንዴ ባዶ ይሆናል። ቢድሎክ የሚባለው ቸርኬ የተሠራው ለዚህ ሁለተኛ አደጋ ነው።

የጦርነት ትምህርት

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ዘመተ። ያ ሁሉ ሞተር ዝናብና ጭቃ እያንገላታው፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ያፈረሱት መንገድ አስቁሞት ነበር። ወራሪው ጦር አገሪቱን በመኪና ለመያዝ ሲል በአምስቱ ዓመት ብዙ መንገድ ሠራ፤ ትሬንታ ኳትሮ የተባሉት የፊያት የጭነት መኪናዎችም በሹፌሮቻችን አንደበት ስማቸው ቀረ። ጎሚስታነትን ጨምሮ ብዙው የመኪና ሙያና የዕቃው መጠሪያ በዚያ ዘመን ሥር ሰደደ።

በዚያው ጊዜ ግብፅና ሊቢያ ውስጥ እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ የፎርድ መኪናዎችን ይዞ የአሸዋ ባሕር የተባለውን በረሃ ሲያጠና ቆይቶ ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጋቸው ጉዞዎች የጎማ ንፋስ ቀንሶ በአሸዋ ክምር ላይ መውጣትን፣ የተያዘ መኪናን በብረት ምንጣፍ ማስወጣትን በተግባር አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዙ ጄኔራል ዌቭል ፈቅዶለት የረጅም ርቀት የበረሃ ቃኚ ጦር አቋቋመ። ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አጅቦ በጎጃም የገባው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት የጌዲዮን ጦርም በዚያው በዌቭል ዕዝ ሥር ነበር። ባግኖልድ በረሃውን በለሰለሰ ጎማ ሲሻገር፣ የጌዲዮን ጦር ግን ስንቁን ለግመል አሸክሞ ነበር፤ ከሱዳን ቆላ ወደ ጎጃም ደጋ በተደረገው ጉዞ በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች አለቁ።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ የሠሩት ዳክ (DUKW) የተባለው በውኃም በየብስም የሚሄድ መኪና ሌላ እርምጃ አመጣ፤ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ ጎማውን ለባሕር ዳር አሸዋ ያለሰልሳል፣ ለጠጣር መንገድ መልሶ ይሞላል። በዚያው ጦርነት የጂፕ መኪናዎች ቸርኬ ለሁለት ተከፍሎ በብሎን እንዲታሰርና ጠርዙን የሚቆልፍ ቀለበት በውስጡ እንዲኖር ተደረገ። ጎማው በጥይት ቢበሳ እንኳ ከቸርኬው ሳይወጣ ጥቂት መንገድ እንዲሄድ የታሰበ ነበር። የዛሬው ቢድሎክ ዘሩ ከዚህ ይመዘዛል።

ሶቪየት ኅብረት የዳክን ሐሳብ ተቀብላ በሰፊው ተጠቀመችበት። በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦርነት ጋር ወደ አገራችን በብዛት ከገባው መሣሪያ መካከል ዚልና ኡራል የጭነት መኪናዎች፣ ቢቲአር-60 ብረት ለበሶችም ነበሩበት። ዚል-131፣ የኡራል መኪናዎችና ቢቲአር-60 የጎማቸውን ንፋስ ከሹፌሩ ክፍል ይቆጣጠራሉ። በኦጋዴን አሸዋ የነዱ ወታደር ሹፌሮች ዛሬ ከመንገድ ውጭ በመንዳት የሚዝናኑ ባለመኪናዎች በብዙ ገንዘብ የሚገዙትን አሠራር ቀድመው ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ባለ ቀለበት ቸርኬና ላንድክሩዘር

በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድር መንገድ መጠገንና መዘርጋት ጀመረ። ያም ሆኖ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ለረጅም ዘመን ከመኪና ርቆ ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እህል ጭነው የወጡ መኪናዎች ጭቃና ኮረኮንች ሲፈትናቸው፣ ወደ ሕዝቡ ለመድረስ መንገድ የማጣትን ዋጋ መላው ዓለም አየ። እስከ እ.ኤ.አ. 1997 ድረስ አገሪቱ የነበራት የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።

ያንን ክፍተት የሞላው በመጀመሪያ ላንድሮቨር፣ በኋላም ላንድክሩዘር ነው። ለብዙ ዓመታት የክትባትና የእርዳታ ሠራተኞችን ተሸክሞ የዞረው ላንድክሩዘር 7.50 በ16 ጎማ በካላማዳሪያና በባለ ቀለበት ቸርኬ ይጠቀም ነበር። ይህ ቸርኬ ለገጠር ምቹ ነው፤ ቀለበቱን ፈልቅቆ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጎማ መቀየር ይቻላል። አደጋውም በዚያው ቀለበት ላይ ነው። በትክክል ሳይገባ ንፋስ ከተሞላ ተፈንጥሮ ይገድላል። በትልልቅ የጭነት መኪናዎች ዘንድ ዛሬም አለ። ስለዚህ ጎማው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ፣ ረጅም ቱቦ ተይዞ፣ ሰው ከፊት ለፊቱ ርቆ ሊሞላ ይገባዋል። ይህን ሥርዓት መጠበቅ የሰው ሕይወት ማትረፍ ነው።

ቢድሎክ ከባለ ቀለበቱ ይለያል። የጎማውን የውጭ ጠርዝ በቸርኬውና በአንድ ክብ ብረት መካከል አስገብቶ ዙሪያውን በብዙ ብሎን ያጠብቀዋል። ስለዚህ ንፋሱ ወደ 10 ፒኤስአይና ከዚያም በታች ቢወርድ ጠርዙ አይለቅም። ለድንጋይ ወጪዎችና ለበረሃ ተወዳዳሪዎች ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ክብደት ይጨምራል፤ ብሎኖቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተልና በመለኪያ ቁልፍ እኩል መጥበቅ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላም እንደገና መፈተሽ አለባቸው። አንድ የላላ ብሎን ንፋስ ያስወጣል። በብዙ አገሮችም ለሕዝብ መንገድ አይፈቀድም። በዳናኪል ወይም በቱርሚ አካባቢ ደረቅ ወንዞች ለሚሄድ የጉብኝት መኪና ከ15 እስከ 18 ፒኤስአይ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ይህም በደህና ተራ ቸርኬ፣ በዝግታና ድንገተኛ መታጠፍን በማስወገድ የሚቻል ነው።

በመረሬ ጭቃ ላይ ግን ንፋስ መቀነስ ያን ያህል አያድንም። ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ለዚያ ጥልቅ ጥርስ፣ ሰንሰለት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ እስኪጠነክር መታገሥ ይሻላል።

ከደጋ ወደ ዳሎል

የእኛን አገር የሚለይ አንድ ጉዳይ አለ። ሾላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በሾላ በጠዋቱ ብርድ 35 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ዳሎል ሲወርድ የውጭው አየር ስለሚከብድ፣ ሙቀቱ ባይጨምር ኖሮ መለኪያው 31 ገደማ ያሳይ ነበር። የቆላው ሙቀት ግን የጎማውን ንፋስ መልሶ ያሰፋዋልና ጎማው ባይነዳ እንኳ ቁጥሩ ወደ 35 ይመለሳል። በጉዞ የሞቀ ጎማ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተነገረ ቁጥር ለአፋር ዋስትና አይሆንም። የሚለካው እዚያው፣ ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የአሸዋው ጫፍ ላይ ነው።

ዛሬ የመንገዱ ርዝመት ከ100,000 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ መቐለን ከበርሃሌ የሚያገናኘው መስመርም አስፋልት ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። ባትሪው ከባድ ነውና ጎማው የሚሸከመው ጨምሯል፤ የንፋሱ ልክም ከቀድሞው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አስፋልት መብዛቱ ንፋስን የማወቅ አስፈላጊነትን አልቀነሰውም።

ስለዚህ ለአሠልጣኞች፣ ለመኪና ባለንብረቶችና ለጉብኝት ድርጅቶች የምለው ይህ ነው፦ ለቢድሎክ ገንዘብ ከመመደባችሁ በፊት በየመኪናው አንድ አስተማማኝ የንፋስ መለኪያና አንድ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይኑር። የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ንፋስ መቼ እንደሚቀነስና ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊት ለምን እንደሚሞላ ያስተምር። በሾላም ሆነ በሌላ ሰፈር ጎማ የሚሞላው ወጣት በቂ ሥልጠና፣ የደኅንነት ፍርግርግና ተገቢ ክፍያ ያግኝ። የሩቅ መንገደኛ ሕይወት የሚጀምረው በእሱ እጅ ነው።