ስልቻና ካሜራ፦ የውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ ከቀይ ባሕር እስከ ተከዜ

ከአምደወርቅና ከሰቆጣ ደጋ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ መዳረሻው ተከዜ ነው። ይህ ወንዝ በስሜንና በዋግ መካከል ገደሉን ፈልፍሎ ለዘመናት ሲወርድ ኖሯል። በኅዳር 2002 ዓ.ም. 188 ሜትር ከፍታ ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ግን የሸለቆው አንድ ክፍል ሐይቅ ሆኗል፤ ቀድሞ የወንዝ ዳርና መልካ የነበረው መሬትም ከዓይን ተሰውሯል። የተሰወረውን በምስል ለመመዝገብ የሚሻ ባለሙያ የውኃ ውስጥ ፎቶግራፍን ታሪክ ቢመረምር ሁለት መንገዶችን ያገኛል፤ አንደኛው የብረት ሳጥን፣ ሁለተኛው ለስላሳው ከረጢት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1856 እንግሊዛዊው ዊልያም ቶምሰን ካሜራውን በሣጥን አሽጎ ወደ ባሕር አወረደ። ሣጥኑ ውኃ ቢገባበትም ደብዛዛ ምስል ተገኘ። በ1893 ደግሞ ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሉዊ ቡታን በባንዩልስ ባሕር ዳርቻ ራሱ ጠልቆ ፎቶግራፍ አነሣ። ወንድሙ ኦጉስት በነደፈው የመዳብ ሣጥን ላይ በአየር የተሞላ የጎማ ፊኛ ተያይዞ ነበር። ውኃው ፊኛውን ሲጨምቀው አየሩ ወደ ሣጥኑ እየገባ የውስጡን ግፊት ከውጪው ጋር ያስተካክላል። እንግዲህ የለስላሳው ከረጢት ሐሳብ ከጥንቱ ከብረቱ ጎን አብሮ ተወልዷል ማለት ይቻላል።

ቀይ ባሕርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። በ1952 እና በ1953 በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የኢጣልያ ጓድ የደህላክን ደሴቶች ባሕር መረመረ። በ1954 የወጣው የፎልኮ ኩይሊቺ ፊልም «ስድስተኛው ክፍለ ዓለም» ከዚያ ጉዞ የተገኘ ነው። ዛሬ ደህላክ የኤርትራ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ገና መዋሐዷ ነበር። የባሕሩ ውስጥ ሕይወት በቀለም ተቀርጾ ለዓለም የታየው በእንግዶች እጅ ነው። የዚያን ዘመን የባሕር ካሜራና መያዣው ከባድና ውድ ስለ ነበረ የአገሩ ባለሙያ በቀላሉ ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ይህን አጥር ዝቅ ያደረገው እንደ ጀርመኑ ኤዋ-ማሪን ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ከረጢቱ በሌንሱ ፊት ለፊት ጠፍጣፋ መስተዋት አለው፤ አፉም በብሎን በሚጠብቅ መቆንጠጫ ይታሸጋል። አሠራሩን ለመረዳት የአገራችንን ዕቃ ማሰብ ይበቃል። ባዶ ቅል አፉ ተደፍኖ ወደ ጥልቅ ውኃ ቢወርድ፣ ግፊቱን በመቋቋም እየታገለ ይቆይና ይሰበራል። በአየር የተነፋ ስልቻ ግን ይጨማደዳል እንጂ አይሰበርም፤ የውስጡ ግፊት ከውጪው ጋር እኩል ይሆናልና። ይሁን እንጂ ጉዳትም አለው። ከባሕር ወለል 10 ሜትር ያህል ሲወረድ የአየሩ መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ከረጢቱ ከካሜራው ጋር ተጣብቆ ቁልፎቹን ሊጫን ይችላል። አየሩ ከበዛ ደግሞ ይንሳፈፋልና ክብደት ይሻል።

በዋግ ምድር ሌላ ሒሳብ ይጨመራል። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ስትሆን፣ የተከዜ ሐይቅ ወለል ወደ 1,100 ሜትር ይጠጋል። በሰቆጣ የታሸገ ከረጢት ሐይቁ ዘንድ ሲደርስ፣ ገና ውኃ ሳይነካ፣ ከአየሩ መጠን አንድ ስምንተኛ ያህል ተጨምቋል። ስለዚህ ማሸግ የሚገባው በውኃው ዳር ነው። በሐይቁም አየሩ በግማሽ የሚቀንሰው 10 ሜትር ሳይደረስ በ9 ሜትር ገደማ ነው። ካሜራው ከመግባቱ አስቀድሞ ባዶውን ከረጢት ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መውጣት አለመውጣቱን ማየት ብልህነት ነው።

ለዓይን ያለው ችግርም የተለየ ነው። በጠፍጣፋ መስተዋት በኩል ነገሩ ከእውነተኛው ርቀቱ በአንድ አራተኛ የቀረበ ይመስላል፤ ከቀለማትም መጀመሪያ የሚጠፋው ቀዩ ነው። ጎርፉ ከደጋው አፈር ጠርጎ በሚያመጣበት ወራት ብልጭታ መብራት ቢበራ ብርሃኑ ከደለሉ ላይ ተመልሶ ምስሉን ይሸፍነዋል። በበጋ፣ ደለሉ ሲረጋ፣ ሰፊ ማዕዘን ባለው ሌንስ ወደ ዕቃው ተጠግቶ ማንሣት የተሻለው ዘዴ ነው።

ስለ ተከዜም ቢሆን የውጭ ሰዎች ቀድመዋል። ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ በ1996 ወንዙን በጎማ ጀልባ ወርደው ገደሉን ለዓለም አስተዋውቀዋል። እነርሱ ያዩት ሸለቆ በከፊል ዛሬ ከሐይቁ በታች ነው። ደለሉ በየክረምቱ ሲደራረብ የቀድሞው ምድር መልክ በውኃ ብቻ ሳይሆን በአፈርም ይሸፈናል። የደህላክ ምስል በሌላ እጅ መነሣቱ ያለፈ ታሪክ ነው፤ የተከዜው ግን ገና አልተዘጋም። የዓሣውን ዓይነት፣ የደለሉን ንብርብር፣ የዳርቻውን አለት ከዓመት ወደ ዓመት እያነሣ የሚያነጻጽር የአገር ልጅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የብረት ሣጥን እስኪገዛ መጠበቅ አያሻም፤ ጥልቀቱን የሚያውቅና አፉን በጥንቃቄ የሚዘጋ ሰው ካለ፣ አንድ ከረጢት ሥራውን ለመጀመር ይበቃል።