ወሬና የአገር ፍቅር

በዚህ በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል መጽሔት ላይ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ጓደኞቻችን ስለ ዐድዋ፣ ሌሎቹም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ እንድንጽፍ መክረውን ነበር። እኛ ግን የመረጥነው ስለ ወሬ ነው። ወሬ ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። ነገር ግን ከወገዳም ሆነ ከጋይንትና ከእስቴ ሰው ስንቁን ሰንቆ ወደ ጦር የሄደው፣ ሄዶም ሳይመለስ የቀረው፣ አስቀድሞ አንድ ወሬ ሰምቶ ነው።

ቀድሞ በአገራችን ወሬ የሚመጣው በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በአዝማሪ አፍና በነጋሪት ነበር። ከሰማይ የወረደበት ጊዜም አለ። በ1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከንጉሥ ተፈሪ መኰንን ጋር ተጣልተው ጦራቸውን ባስከተቱ ጊዜ፣ የመንግሥት አይሮፕላን ከቦምብ በፊት ወረቀት በተነባቸው። በወረቀቱም ላይ የንጉሡ ዐዋጅና፣ ራስ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ የተወገዘ ይሁን የሚል የጳጳሱ የአቡነ ቄርሎስ ቃል ነበረበት። ከወታደሩ አብዛኛው ማንበብ የማይችል ስለ ነበረ፣ ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ተማረ ሰው መሄድ ነበረበት፤ ያም የተማረ ሰው ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ እንዳነበበለት መጠን ይፈራ ወይም ይጠነክር ነበር ብለን እናስባለን። ከሠራዊቱ ከፊሉ ከዳ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም በተባለው ስፍራ ውጊያ ሆኖ ራስ ጉግሣ ሞቱ። ወረቀቱ ሐሰት ነበር አንልም፤ ውግዘቱ በእርግጥ የተነገረ ነውና። ይሁን እንጂ የመጣው የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ይዞ ነው፤ የራስ ጉግሣን ቃል የሚበትን አይሮፕላን አልነበረም።

ከዚያ ልክ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው በመጋቢት 22 ቀን፣ ሠራዊታችን ማይጨው ላይ ተሸነፈ። በዚህ በሁለተኛው ጦርነት ወሬውን ያመላለሱት በየቀኑ በገንዘብ የሚሸጡት የአውሮፓ ጋዜጦች ነበሩ።

በኢጣልያ አገር ትልልቆቹ ጋዜጦች የግል ሀብት ነበሩ። ነገር ግን ምን እንዲጻፍ፣ ምንስ እንዲተው በየቀኑ ከመንግሥት ትእዛዝ ይደርሳቸው ነበር፤ ለዚሁም ሥራ በ1927 ዓ.ም. የጋዜጣና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ተቋቁሞ ነበር። ስለዚህ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን በተሻገረ ጊዜ የኢጣልያ ሕዝብ ያነበበው ባሪያን ነጻ ስለ ማውጣት፣ መንገድ ስለ መሥራትና ስለ ሥልጣኔ ነው። የኢትዮጵያ ወታደር የተከለከለ ጥይት ተኰሰ የሚለው ወሬ በትልልቅ ፊደል ታተመ። በተከዜ ዳርና በተምቤን ከአይሮፕላን ስለ ወረደው የመርዝ ጋዝ ግን አንዲት ቃል አልወጣችም። በተምቤን የነበረው ሠራዊት የራስ ካሣ ኃይሉ ነው፤ ራስ ካሣም በዚያን ጊዜ በጌምድርን ይገዙ ነበርና አያት ቅድመ አያቶቻችን ከእርሳቸው ጋር ዘምተዋል። እነርሱ ሰውነታቸው እየተላጠ በሚሰቃዩበት ወር የሮማ ሰው በቡና ቤት ተቀምጦ ስለ ሥልጣኔ ያነብ ነበር።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ የቀለበት ቀን ሆነ። ንግሥት ኤሌና በሮማ የጋብቻ ቀለበታቸውን ለአገራቸው ሰጡ፤ ብዙ ሺህ ሴቶችም ተከትለዋቸው የወርቁን ቀለበት እያወለቁ በምትኩ የብረት ቀለበት አጠለቁ። ይህን ባነበብን ጊዜ ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ፣ እነዚያ ሴቶች ሁሉ ጨካኞች ናቸው አለ። እኛ ግን ይህን አልተቀበልንም። የአገራቸው ፍቅር ሐሰተኛ አልነበረም፤ እናቶቻችን ለስንቅ በሶ ሲፈጩ የተሰማቸው ስሜት ምናልባት ለእነዚያም ተሰምቷቸው ይሆናል። የጐደላቸው፣ ቀለበቱ ወደ ምን እንደሚለወጥ መጠየቅ ነው። ለመጠየቅም የሚያነቡት ሌላ ጋዜጣ አልነበራቸውም።

ሌላ ጋዜጣ በነበረበት በእንግሊዝ አገርስ? በዚያ ትእዛዝ የሚሰጥ ሚኒስቴር አልነበረም፤ ባለቤትና ገበያ ግን ነበሩ። የዴይሊ ሜይል ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚር ሙሶሊኒን የሚያደንቅ ሰው ነበረና ጋዜጣው ወደ ኢጣልያ ያደላ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባም የላከው ደራሲውን ኢቭሊን ዎን ነው፤ እርሱም ለኢጣልያ ያለውን ዝንባሌ አልደበቀም። የታይምሱ ጆርጅ ስቲር ደግሞ የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበር። ሁለቱ በአንድ ከተማ ሆነው አንዱን ጦርነት ሁለት አድርገው ጻፉት። የቀሩት ጋዜጠኞች አብዛኞቹ ወደ ጦሩ ግንባር እንዳይሄዱ ተከልክለው በሆቴል ይቀመጡ ነበር፤ ጌቶቻቸው ግን በየቀኑ ትኩስ ወሬ ይፈልጋሉ። ወሬ በማይገኝበት ቀን ወሬ ይፈጠራል። ኢቭሊን ዎ ራሱ በኋላ፣ በ1938 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ በዚህ ሥራ የሚያላግጥ ልብ ወለድ አሳትሟል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዠኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለዚያ መርዝ ሊናገሩ ሲቆሙ፣ ከላይ ከሰገነቱ የተቀመጡት የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት አቋረጧቸው፤ ዘበኞችም አስወጧቸው። እነዚህ ሰዎች የመጡት ለማዳመጥና ለመጻፍ ነው፤ ፊሽካ ግን በኪሳቸው ይዘው ነበር።

እውነቱ እስኪወጣ ስንት ዘመን እንደ ፈጀ እንናገር። ኢንድሮ ሞንታኔሊ የተባለው ስመ ጥር ጋዜጠኛ በወጣትነቱ ወዶ ዘማች ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ነው። እኔ በዚያ ነበርሁ፣ ጋዝ አላየሁም እያለ ታሪክ ጸሐፊውን አንጀሎ ዴል ቦካን ለብዙ ዓመታት ሲሞግት ኖረ። በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ጋዙ መጣሉን ባመኑ ጊዜ፣ ሞንታኔሊም መሳሳቱን አመነ። ስድሳ ዓመት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ለእኛ ደስ ይለን ነበር፤ የጠላትን ጋዜጣ መንቀፍ ቀላል ነውና። ነገር ግን የወዳጅም ጋዜጣ አለ። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1928 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ያቋቋሙት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ለነጻነታችን የደከመ ጋዜጣ ነው፤ ምስጋናችን ብዙ ነው። ሆኖም የአርበኞቻችንን ድል ከሆነው በላይ አግንኖ ያተመበት ጊዜ አለ። ይህን መጻፍ አለብን ወይስ የለብንም ብለን አንድ ሙሉ ከሰዓት ተጨቃጭቀናል።

ዛሬ ወሬ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ሰው በበዛበት ገጽ ላይ ማስታወቂያ ይበዛል፣ ገንዘብም ይከተላል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ልጆች ነበርን። በስልክ የምንሰማው ድል ብቻ ነበር፤ በመንገድ የምናየው ግን ልጅ አዝሎና ከብት እየነዳ የሚሸሽ ሰው ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ ድል ከሆነ እነዚህ ሰዎች ለምን ይሸሻሉ ብሎ ጠየቀ። ባንዳ አልነው። ለብዙ ቀንም አብረነው አልተጫወትንም። ያ ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከእኛ ጋር ጽፏል፤ ስለ ቀለበቱ ቀን የተጻፈውም በእርሱ እጅ ነው።