ዲስኩር
ጥንተ ፍቺው በጉባኤ ፊት የሚደረግ ንግግር ነው፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለተነፋና ፍሬ ለሌለው ወሬ ነው። ምንጩ ፈረንሳይኛ ነው፤ ከጣልያንኛ ቢወሰድ ኖሮ «ዲስኮርሶ» እንል ነበር። ፈረንሳይኛ እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም፣ በምድር ባቡሩም ይነገር ነበር፤ የባቡር ጣቢያው ስም «ለገሃር»ም የዚያው ዘመን ውርስ ነው።

አማርኛ ቃሉን እንደ እንግዳ አላስቀመጠውም። አራት ተነባቢ ስላገኘበት እንደ ራሱ ግሥ አረባው፦ ደሰኮረ፣ ይደሰኩራል፣ ደስኳሪ። ንቀቱም የጠነከረው በግሡ ላይ ነው፤ «ንግግር አደረጉ» የተባሉ ሰው ይከበራሉ፣ «ደሰኮረ» ሲባል ግን አድማጩ ተሰላችቷል።

ፍሬ ለሌለው ወሬ እንግሊዝኛም የራሱ ቃል አለው፤ «በንከም» የወጣው ከሰሜን ካሮላይናው የበንከም አውራጃ ስም ነው፤ እንደራሴው ፊሊክስ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1820 ለአውራጃው ሲል ባንዛዛው ንግግር ሳቢያ።